አሥራ ስምንቷ ኪሎሜትር

እኛ ጋይንቶች ቀን በማክበር የሚስተካከለን ያለ አይመስለኝም። ወሩ በልደታ ይገባል፤ ከዚያ አቦ፣ ሥላሴ፣ ሚካኤል፣ ኪዳነ ምሕረት፣ ማርያም፣ ጊዮርጊስ እያልን ቁልቁል እንወርዳለን። በመሃል ባዶ የቀረች ቀን ብትገኝ የአንዱ ጎረቤት ሙት ዓመት ይሞላታል። ታዲያ የራሱን የልደት ቀን የሚያውቅ ሰው ካገኛችሁ አምጡልኝ። እኔ ራሴ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ታሪክ ያስተማርሁ፣ የስንቱን ንጉሥ የዘውድ በዓል በቃሌ የምወጣ ሰው፣ መቼ እንደተወለድሁ እናቴን ብጠይቃት «ገብሱ አልታጨደም ነበር፤ ዝናቡም አስቸግሮን ነበር» አለችኝ። ሁለተኛ አልጠየቅኋትም።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ታሪክ የምከታተለው በስልኬ ነው። ጧት ስነሳ «ዛሬ እኮ ይህ የሆነበት ቀን ነው» ይለኛል፤ እኔም ጋቢዬን ተከናንቤ ለማላውቀው አገር በዓል ደስ እያለኝ ቁርሴን እበላለሁ። አንድ ጧት ግን ያየሁት ድግስ ከሁሉም ባሰ። ፈረንጆቹ ለምለም መስክ ላይ ተሰብስበዋል። የበዓሉ ባለቤት መኪና ናት! ለእሽቅድድም የተሠራች፣ ባለ ሁለት በር፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ትንሽ የቀረው። ስልሳ ዓመት ሞላት ተብሎ ሽበታም ሽማግሌዎች ቆብ ደፍተው በጨርቅ ያሿታል፤ ደግሞ ያሿታል፤ ከዚያ ፎቶ ይነሳሉ። በመጨረሻ አስነስተው መስኩን አዞሯት፤ እመኑኝ፣ የኛ አህያ ትቀድማታለች። ለመሮጥ የተሠራ ነገር ቆሞ ሲከበር ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

«ሥራ የፈታ ሕዝብ!» አልሁ። ጮክ ብዬ ስለነበር ባለቤቴም ሰማች።

ይችን ንግግሬን ያዙልኝ፤ ኋላ ትመጣብኛለች። የሚገርመው፣ እንዲያ ያለችው መኪና ከቤቴ ሁለት መቶ እርምጃ ርቃ ቆማ እያለች ነው ፈረንጅ ላይ የሳቅሁት።

በከተማችን በንፋስ መውጫ አያ ፈንቴን የማያውቅ የለም። በደህናው ዘመናቸው መካኒክ ነበሩ፤ ሞተር ሲያስል ከመንገድ ማዶ ሆነው በሽታውን የሚናገሩ ሰው። ሚስታቸው እትዬ ውዴ ናቸው። ልጅ አልሰጣቸውም። በግቢያቸው ግን ከመኖሪያ ቤታቸው የተሻለ ቆርቆሮ የለበሰች አንዲት ክፍል አለች፤ በክፍሏ ውስጥ መኪና አለች፤ በመኪናዋ ላይ ከበግ ፀጉር የተሠራ ወፍራም ባና ተደርቦባታል። የኛን ከተማ ንፋስ የቀመሰ ሰው ባና ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። እትዬ ውዴ ለመጣ እንግዳ ሁሉ የሚያወሩት ይኸንኑ ነው። «እኛ ሣር ክዳን ስር ሳለን እሷ ቆርቆሮ ገባች። ባናውን እሷ ለብሳ እኔና እሱ በስስ ጋቢ ስንንቀጠቀጥ እናድራለን። ጣውንት ብታመጣብኝ ይሻለኝ ነበር፤ ጣውንት ቢያንስ ውሃ ትቀዳለች!»

ነገሩ እንዲህ ነው። የዛሬ ሃምሳ ዓመት፣ በኅዳር ሚካኤል ዕለት፣ አንድ ወጣት ሐኪም ወደ ስማዳ ተመድቦ ከአዲስ አበባ መጣ። የመጣው አባቱ ባወረሱት መኪና ነው። ቀይ፣ ጣሊያን ሠራሽ፣ ባለ ሁለት በር፤ ስሟን አልጠራም፤ ለማስታወቂያ አልተቀጠርሁም። መንገዱ ያን ጊዜ መንገድ ለመባል ገና ብዙ ይቀረው ስለነበር እንዴት ንፋስ መውጫ እንደደረሰች እስከ ዛሬ ክርክር አለ። ከዚህ ወደ ስማዳዋ ከተማ ወደ ወገዳ ሲወርድ ግን ድንጋይ ሆዷን ቀደደውና ዘይቷ ፈሰሰ። በሁለት ጥማድ በሬ ተጎትታ ተመለሰች። ሐኪሙ በበቅሎ ወደ ሥራው ሲቀጥል ከቁልፎቿ አንዱን ለሃያ አራት ዓመቱ መካኒክ ሰጠው።

«አደራ ፈንቴ፣ እስክመለስ ጠብቅልኝ» አለው።

ከዚያ ዘመኑ ተገለባበጠ። ሐኪሙን ከወገዳ በሌላ መንገድ ወሰዱት ተባለ፤ ታሰረ ተባለ፤ ሞተም ተባለ። መመለሱን ግን ያየ የለም።

እኛ አገር ሌባ ይመከራል፤ ይቀጣል፤ ውሎ አድሮም ይድራል፣ ይኳላል። አደራ በላ ግን ከሞተ በኋላም ስሙ ይኸው ነው። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይባላል። አያ ፈንቴ በአንድ ወር ውስጥ የተቀደደውን ሆዷን በየዱ፤ ከዚያ ወዲያ በየወሩ፣ ወር በገባ በዐሥራ ሁለት፣ ያጥቧታል፣ ያስነሷታል፣ ግቢው መካከል ያለውን የኮሶ ዛፍ አንድ ዙር ያዞሯታል፣ ወደ ክፍሏ ይመልሷታል። ቤንዚን የጠፋ ለታ ጎረቤት ተጠርቶ በግፊ ትዞራለች። ከግቢው በር ግን አንድ ቀን ወጥታ አታውቅም። ሰርገኛ ለምኗቸዋል፣ ሹም ቆጥቷቸዋል። መልሳቸው አንድ ነው፤ «የሰው ወርቅ አያደምቅ።» ወታደር በመጣ ቁጥር ጎማዋን ነቅለው ይቀብራሉ፤ ነዳጁን የሚለኩሱ ካንዴላዎቿን ገብስ ጎታ ውስጥ ይከታሉ፤ በላይዋ ላይ እስከ ጣራው ድረስ ኩበት ይከምራሉ። ስንቱ ወታደር መጥቶ ኩበት አይቶ ተመለሰ! መንግሥት ሲለዋወጥ እሷ አልተለወጠችም፤ የተሰበረው የግራ መብራቷ ብቻ በባጃጅ መብራት ተተክቷል።

ዘንድሮ መስከረም ላይ አያ ፈንቴ እቤቴ መጡ። በራፉን በእጃቸው እየዳበሱ ነው የገቡት።

«መምህር፣ ዐይኔን ሞራ ጋርዶታል» አሉኝ።

«ይታከሙ እንጂ አያ ፈንቴ! ደብረ ታቦር ሄደው ቢያሳዩት...»

«ዐይኑ ይቆየኝ። አደራ ይዤ ልሞት ነው።» አሉና ተቀመጡ። «ልጅ ቢኖረኝ አደራውን አወርሰው ነበር። ውዴ እንኳን መኪና በግ መጠበቅ ሰልችቷታል። እኔ የሞትሁ ለታ ቆራሌው መጥቶ ቆራርጦ ይጭናታል፤ ያ የሰው ልጅ በሰማይ ሲያገኘኝ ምን እለዋለሁ? ሌሊት እንቅልፍ ካጣሁ ቆየሁ።»

ቀጥለው የመጡበትን ነገሩኝ። መሪጌታ፣ የሚካኤሉ፣ በሰንበት ስብከታቸው በሃምሳኛው ዓመት ርስት ወደ ባለቤቱ ይመለሳል የሚለውን ኦሪት አስተምረዋል። መኪናዋም ዘንድሮ ሃምሳዋን ትደፍናለች። ስለዚህ በኅዳር ሚካኤል በግ አርደው፣ ጠላ ጠምቀው፣ ካህናቱን ጠርተው ይዘክራሉ፤ ሚካኤል ባለቤቱን ያምጣላቸው። እኔ ደግሞ በዚያ በስልኬ ልፈልግላቸው። «ስለ ቅርስ ስታስተምር ኖረህ የለም እንዴ? እስቲ አሁን ትምህርትህ ለአንድ ሰው ይጥቀም» አሉኝ። ደረቴ ላይ ነው የመቱኝ።

ፎቶ አነሳኋት፤ ታርጋዋን፣ ታሪኳን፣ የበዓሉን ቀን፣ ስሜንና ስልኬን ጨምሬ የአሮጌ መኪና ወዳጆች በሚሰባሰቡበት የኢንተርኔት ገጽ ላይ ለቀቅኋት። ወይ ጉድ! ለካ አገራችንም ሥራ የፈታ ሞልቶባታል። አንዱ ቀለሟ የፋብሪካ ነው አይደለም እያለ ይጨቃጨቃል፤ ሌላው በግራ መብራቷ እንደ ቤተሰብ ኀዘን ያለቅሳል። የደወለም አልጠፋ፤ የሐኪሙ ወንድም ነኝ ያለ ሦስት ሰው መጣ፤ ሦስቱም የሐኪሙን ስም አያውቁትም። በአራተኛው አንዲት ሴት ደውላ «አባቴ ጋይንት ውስጥ መኪና ነበረው...» ስትል ትዕግሥቴ አልቆ ነበርና «እኔም ጎንደር ውስጥ ቤተ መንግሥት አለኝ» ብዬ ዘጋሁባት። አትፍረዱብኝ። ፍረዱብኝ እሺ።

የሚካኤል ዕለት ደረሰ። አያ ፈንቴ ጎረቤቱን ሁሉ «ኑልኝ፣ ዝክር አለኝ» ብለው ጠርተዋል፤ ምክንያቱን ያስረዱት ለእኔና ለመሪጌታ ብቻ ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ ወላድ ያልሆነ ሰው ተዝካሩን በቁሙ ያወጣል፤ ከሞተ በኋላ ማን ያወጣለታል? እንግዲህ ልጅ የሌላቸው፣ ዐይናቸው የደከመ፣ የሰባ አራት ዓመት ሽማግሌ በግ ጥለው ካህናት ሲጠሩ ሰዉ ምን ይበል? ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ አንገታቸውን ደፍተው ገቡ። ዲያቆናቱ የፍትሐት መጽሐፍ ይዘው መጡ። አንዲት የልብ ጎረቤት አያ ፈንቴን አቅፈው «አይ ፈንቴ፣ በቁምህ ማድረግህ ደግ አደረግህ! እንዲያው ደግ ሰው ነበርህ» ብለው ስቅስቅ አሉ።

«ነበርህ? ማን ነው የነበረው?» አያ ፈንቴ ጮኹ። «እዚህ ያለሁት እኔ አይደለሁም እንዴ? በዓሉ የመኪናዋ ነው!»

የተዘቀዘቀ ነጠላ ወደ ላይ ይመለስ ወይስ አይመለስ? የሚያውቅ የለም። እኔ ሳቄን ለመዋጥ ስታገል እትዬ ውዴ ከጓዳ ሆነው «እኔም ተዝካሯ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር» አሉ። መሪጌታ ግን የበሰሉ ሰው ናቸው፤ «ይሁን፤ ጸሎት አይባክንም። ለፈንቴ ጤና፣ ለመኪናይቱ ባለቤት መገኘት እናድርገው» ብለው መጽሐፉን አስቀየሩ። አያ ፈንቴም ባናውን ገለጡት፤ ቀይቱ ወጣች። ኮፈኖዋ ላይ የሰዉ ሁሉ ፊት ይታይ ነበር።

ጸሎቱ ተደርሶ ጠላው መዞር ሲጀምር ከደጅ አንድ ሚኒባስ ቆመ። አንዲት ደልደል ያለች የከተማ ሴት ወርዳ፣ መንገድ ያደከማት፣ አቧራ የለበሰች፣ በሩ ላይ ቆመች።

«መምህሩ ማን ናቸው? ስልክ የዘጉብኝ?» አለች።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ምን ነበረበት! ስሟ ማርታ ነው። ቦርሳዋን ከፍታ አንድ የቆየ ፎቶ አወጣች፤ ያ ወጣት ሐኪም ክንዱን መኪናዋ ላይ አስደግፎ ይስቃል። አያ ፈንቴ ፎቶውን ወደ ዐይናቸው አስጠግተው አዩት፤ አላዩትምም። በዚህ ሞራ ምን ይታያል? ማርታ ይህን ስታይ ፎቶውን መልሳ ቁልፍ አወጣች።

«አባቴ እስኪሞት ድረስ ቁልፍ መያዣው ላይ ምንም የማይከፍት አንድ ቁልፍ ነበረው» አለች።

አያ ፈንቴ ቁልፉን ተቀበሉ፤ ጥርሱን በአውራ ጣታቸው ዳበሱት፤ ከአንገታቸው ማተብ ጋር ካሰሩት ከራሳቸው ቁልፍ ጋር አስተያዩት። ከዚያ ለእሷ መለሱላት። «ክፈቻት» አሉ። ቁልፉ ገባ፤ ዞረ፤ በሩ ተከፈተ።

እልልታው እስኪበርድ ጠብቀው አያ ፈንቴ ሽማግሌዎቹን በሥርዓት አስቀመጡ። ርክክብ ያለ ምስክር አይሆንም። የክፍሏን በር ከጀርባው አሳዩን፤ መኪናዋን የተረከቡ ለታ ቆጣሪዋ ላይ የነበረውን ቁጥር በከሰል ጽፈውት ኖሯል፤ ሲደበዝዝ እያደሱት ሃምሳ ዓመት ሞላው። እኔ ቁጥሩን አነበብሁ፤ ከዚያ መኪናዋ ውስጥ ጎንበስ ብዬ ቆጣሪዋን አነበብሁ። ልዩነቱ አሥራ ስምንት ነው። በኮሶው አንድ ዙር ወደ ሠላሳ ሜትር ይሆናል፤ በዓመት ዐሥራ ሁለት ጊዜ፣ ሃምሳ ዓመት፤ እናንተም ብትፈልጉ አስሉት።

አያ ፈንቴ ኮፍያቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ አሥራ ስምንት ኪሎሜትር ሄጄባታለሁ። ለጤናዋ ብዬ ነው፤ አንዲቷንም ለራሴ አልሄድሁም። መብራቷንም አንዱን ሰብሬያለሁ። ይቅር በይኝ።»

ማርታ መኪናዋን ተደግፋ አለቀሰች። ስትረጋጋ የነገረችን ነገር እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። አባቷ ከእስር ከወጣ በኋላ ብዙ ዓመት ኖሯል፤ ልጆች አሳድጓል። «ጋይንት አንድ ሰው ዘንድ መኪና አለችኝ» ሲል ቤተሰቡ ይስቅበት ነበር። በእነሱ ቤት የጠፋ ማንኪያ፣ የጠፋ ካልሲ፣ ሁሉም «ጋይንት ሄደ» ይባላል። ታዲያ አንድ ቀን «ለምን ሄደህ አታመጣትም?» ብላ ጠየቀችው።

«ምን አለ?» አሉ አያ ፈንቴ።

«‹ሄጄ ባላገኛትስ? ያን ሰው ልቀየመው ነው። ካልሄድሁ ግን እስክሞት አምነዋለሁ› አለኝ።»

አያ ፈንቴ በተከፈተው በር ጎንበስ ብለው ግንባራቸውን መሪዋ ላይ ደፉ። እኔም፣ የሳቅሁት እኔ፣ ወደ ኮሶው ዞሬ ዐይኔን ጠረግሁ። ሰው ሰውን እንዲህ ሊያምን፣ ሰውም ለሰው እንዲህ ሊታመን፣ ሁለቱም ሳይተያዩ! ሠላሳ ዓመት ያስተማርሁት ታሪክ ውስጥ ይህ አልነበረም። ፈጣሪ ይመስገን፣ ሳልሞት አየሁት።

እዚህ ላይ ማርታ ከልቧ ተሳሳተች። «አባባ፣ ከእንግዲህ መኪናዋ የእርስዎ ናት» አለች።

አያ ፈንቴ እባብ እንዳየ ሰው ወደ ኋላ አሉ። «ልጄ፣ ምን በደልሁሽ? ሃምሳ ዓመት የተሸከምሁትን ላወርድ ስል መልሰሽ ልታሸክሚኝ ነው? ተረከቢኝ!»

ሽማግሌዎቹም አጉረመረሙ። ልጅቱ ደነገጠች፤ ሁለቱንም እጇን ዘርግታ ቁልፉን ተቀበለች። «ተረክቤያለሁ አባባ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አባቴም ካለበት ይመርቅዎ።» አያ ፈንቴ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ፤ ተቀመጡ፤ ሥጋ አስመጥተው በሉ፤ ሰዉ ገና ሳይመርቅ በተቀመጡበት እንቅልፍ ጣላቸው። ሲያንኮራፉ ማንም አልቀሰቀሳቸውም።

ችግሩ ከእንቅልፋቸው ሲነቁ መጣ። መንገዱ እንደምታውቁት አንድ ቀን ክፍት ነው፣ አንድ ቀን ዝግ ነው። ማርታ በጥምቀት የጭነት መኪና ይዤ እመጣለሁ አለች። እስከዚያ ግን መኪናዋ የት ትደር?

«እኔ ዘንድ አታድርም፤ አስረክቤያለሁ» አሉ አያ ፈንቴ።

«ክፍሏን ገብስ አስገባበታለሁ፤ ባናውንም ዛሬ እለብሰዋለሁ» አሉ እትዬ ውዴ።

መሪጌታ ጢማቸውን እየዳበሱ ወደ እኔ ዞሩ። «ስለ ቅርስ ጥበቃ ከመምህሩ ወዲያ ማን ያውቃል?» አሉ። ሰዉ ሁሉ እውነት ነው አለ። የፈሩት ይደርሳል የሚባለው ይኸው ነው። ማርታ ሁለቱን ቁልፍ መዳፌ ላይ አስቀመጠችና እጄን በእጇ ዘጋችው።

«አደራ፣ መምህር። ይህን ደግሞ እንዳይዘጉብኝ።»

መኪናዋን እኔ ግቢ ያደረሷት አያ ፈንቴ ናቸው። ሞተሩን ከማስነሳታቸው በፊት «ፈቀድሽ?» ብለው ማርታን ጠየቁ፤ ፈቀደች፤ አጠገባቸው ተቀመጠች። ከሃምሳ ዓመት በኋላ ከግቢው በር ወጡ። ዐይናቸው ስለማያይ መሪጌታ ጥላቸውን ዘርግተው ከፊት ከፊት ሄዱ፤ ሰዉ ግራና ቀኝ ሆኖ «ወደዚህ! ቀስ!» ይላል፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አስተካክለው እልል ይላሉ። ሁለት መቶ እርምጃ ለመሄድ ግማሽ ሰዓት ፈጀን። ለእሽቅድድም የተሠራችውን መኪና በመንገድ ላይ ሁለት ባጃጅ፣ አንዲት አህያና ድንች የተሸከመ አንድ ሰው ቀደሟት። አያ ፈንቴ እንደዚያ ቀን ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም።

ጥምቀት አለፈ፤ ፋሲካም አለፈ። ማርታ በየሳምንቱ ትደውላለች፤ መንገዱ ሲሻሻል እመጣለሁ ትላለች። እኔም አትቸኩይ እላታለሁ። አያ ፈንቴ የአንድ ዐይናቸውን ሞራ ደብረ ታቦር ሄደው ተገፈፉ፤ አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣሉ። ጎማዋን በእግራቸው ይነካሉ፤ ጎንበስ ብለው ቆጣሪዋን ያነባሉ፤ «የሰው ዕቃ ነው እንግዲህ» ብለውኝ፣ አንድ ብርሌ ጠጅ ጠጥተው፣ ቀለል ብሏቸው ይሄዳሉ። እንቅልፍ አሁን የሚያጣው ሌላ ሰው ነው። ንፋሱ በነፈሰ ቁጥር ተነስቼ ያለበስኋትን ሸራ አያለሁ።

ባለፈው ወር በዐሥራ ሁለት፣ ቆቤን ደፍቼ፣ ኮፈኖዋን በጨርቅ ሳሻት፣ ደግሜም ሳሻት፣ ባለቤቴ ከበረንዳው ላይ እጇን አጣጥፋ ስታየኝ ቆየች።

«ሥራ የፈታ ሕዝብ!» አለችኝ።

ስትገባ ጠብቄ ከሰል አነሳሁና የቆጣሪዋን ቁጥር ከመኝታ ቤታችን በር ጀርባ ላይ ጻፍሁት።